የማሊያው ቀለም ከየት መጣ? የአየርላንድ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ደብሊን

ክሮክ ፓርክ ስታዲየም 82,300 ሰው ይይዛል። በአውሮፓ ካሉት ትልልቅ ስታዲየሞች አንዱ ነው። የሚጫወቱበት ሰዎች ግን ደመወዝ የላቸውም። መምህራን፣ ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፣ የባንክ ሠራተኞች ናቸው። እሑድ በሰማንያ ሺህ ሰው ፊት ይጫወቱና ሰኞ ጠዋት ሥራቸው ላይ ይገኛሉ። ከለንደን እዚህ ድረስ የመጣሁት እነዚህ ሰዎች የሚለብሱትን ማሊያ ብዬ ነው። የማሊያ ነገር አይሆንልኝም። አንድ ቡድን ቀለሙን ከየት እንዳመጣው ካላወቅሁ ጨዋታውን በደንብ ያየሁት አይመስለኝም።

ጨዋታዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ ጌሊክ ፉትቦል ነው፤ ኳሱ በእጅም በእግርም ይሄዳል። ሁለተኛው ሃርሊንግ ነው። ገናን የሚያውቅ ሰው ሃርሊንግ ቶሎ ይገባዋል፤ በትር አለ፣ ትንሽ ኳስ አለ፣ ድፍረት አለ። ልዩነቱ እነዚህኞቹ ኳሷን አየር ላይ እንዳለች መምታታቸው ነው፤ የበትሩም ጫፍ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ ነው። በሁለቱም ጨዋታ መረቡን ያገኘች ኳስ ሦስት ነጥብ ናት፣ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈች ደግሞ አንድ፤ በፉትቦሉ ግን ከ2025 ወዲህ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ ተመትታ ያለፈች ሁለት ነጥብ ናት።

የአየርላንድ ደሴት 32 ካውንቲዎች አሏት። አውራጃ ብንላቸው ያስኬዳል። እያንዳንዱ የራሱ ቡድንና የራሱ ቀለም አለው። ተጫዋች አይሸጥም፣ አይገዛም። የትውልድ መንደርህ ክለብ ውስጥ ትጫወታለህ፣ ጎበዝ ከሆንክ ደግሞ ለካውንቲህ ትመረጣለህ። ስለዚህ እዚህ አገር የማሊያ ቀለም የሰው አድራሻ ነው። መንገድ ላይ አንዱን ሐምራዊና ወርቃማ ለብሶ ብታየው የየት አገር ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቀው ታውቃለህ።

የስታዲየሙ ጉብኝት ወደ መልበሻ ክፍል ያስገባል። ማሊያዎቹ በየተራ ተሰቅለዋል። የኪልኬኒ ጥቁርና ቢጫ መስመር፣ የዌክስፎርድ ሐምራዊና ወርቃማ፣ የሜዮ አረንጓዴና ቀይ፣ የጎልዌይ ጠቆር ያለ ቀይ። ሲያዩአቸው ከመሬቱ ጋር አብረው የተፈጠሩ ይመስላሉ። አልተፈጠሩም። ጨዋታዎቹን የሚመራው የጌሊክ ጨዋታዎች ማኅበር የተመሠረተው በኅዳር 1 ቀን 1884 ነው (እዚህ የምጽፋቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ የካውንቲ ማሊያ የሚባል ነገር አልነበረም። የካውንቲው ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በካውንቲው ስም ይጫወታል፣ የሚለብሰውም የራሱን ማሊያ ነው። የ1887 የመጀመሪያው የሃርሊንግ ፍጻሜ በሚያዝያ 1 ቀን 1888 ቢር በምትባል ከተማ ሲደረግ የተገናኙት የቲፐራሪው ተርልስና የጎልዌዩ ሚሊክ ነበሩ። ሁለት ክለቦች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክለብ ካሸነፈ የካውንቲው ቀለም አብሮት ይቀየራል። ማኅበሩ እያንዳንዱ ካውንቲ የታወቀ የራሱ ቀለም ይኑረው ያለው በ1913 ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የጉዞዬ መንገድ ራሱ ወጣልኝ። ከማሊያዎቹ ጥቂቱን እመርጣለሁ፣ ቀለሙ ወደተነሳበት ቦታ እሄዳለሁ። ባቡሩም ደግነቱ አብዛኛውን መስመር ይሸፍናል።

ከመውጣቴ በፊት የባለቤቶቹን የደብሊንን ማሊያ ቆሜ አየሁ። ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ኮሌታና እጅጌው ጋ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ አለበት። ያ ጥቁር ሰማያዊ የ1974 ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ኮሌታውም ቁምጣውም ነጭ ነበር። ደብሊን ከ1963 ወዲህ ዋንጫ አላየም፣ ስታዲየሙም ለከተማው ቡድን ባዶ ባዶ ይል ነበር። አሠልጣኙ ኬቨን ሄፈርናን ቡድኑን ይዞ መጣና በ1974 ጎልዌይን አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ደጋፊው በሺህ የሚቆጠር ሆነ፤ የሄፎ ጦር ተባለ። አዲሱ ቁምጣና ኮሌታ የዚያ ዓመት ማስታወሻ ሆኖ ቀረ። ቡድን በዋንጫ ዓመት የለበሰውን ማን ያስወልቀዋል?

አርብ፣ ክሌን

ክሌን ከደብሊን በአውቶቡስ ቅርብ ናት። ኪልዴር ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነች። አንድ ዋና መንገድ፣ ቡና ቤቶች፣ ቤተክርስቲያን፣ ሱፐርማርኬት። ለአገር ጎብኚ የሚሆን ብዙ ነገር የላትም። እኔ ግን እዚህ በመድረሴ ደስ ብሎኛል።

ኪልዴር ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው የሚለብሰው። ማሊያው ነጭ፣ ቁምጣው ነጭ፣ ካልሲው ነጭ። ሊሊ በምትባለው ነጭ አበባ ስም ነው የሚጠሩት። ነጩ የክሌን ክለብ ነበር። በ1903 ውድድር ክሌን የካውንቲው ሻምፒዮን ስለነበረ ኪልዴር የእሱን ማሊያ ለብሶ ወጣ። በዚያ ውድድር ኪልዴርና ኬሪ ሦስት ጊዜ ተገናኙ። ጨዋታዎቹ የተደረጉት ዘግይተው በ1905 ነው። የመጀመሪያው በክርክር ተሰርዞ ይደገም ተባለ፣ ሁለተኛው እኩል ለእኩል አለቀ፣ በሦስተኛው ኬሪ አሸነፈ። አገሩ ሁሉ ያወራው ስለ እነዚህ ሦስት ጨዋታዎች ነበር። ጌሊክ ፉትቦል የብዙኃን ጨዋታ የሆነው ያኔ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሕዝቡ ኪልዴርን በነጭ ለብሶ ስላወቀው ነጩ ከኪልዴር ላይ አልወርድ አለ።

ተሸንፈው የለበሱትን ቀለም መያዛቸው ልቤን ነካው። በኋላ በ1928 ለመላ አየርላንድ የፉትቦል ሻምፒዮን የሚሰጠው የሳም ማጓየር ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀበለው ኪልዴር ነበር፤ ካቫንን በአንድ ነጥብ አሸንፎ። ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላገኘውም። በመንገዱ ዳር በአንድ ቤት አጥር ላይ ነጭ ባንዲራ ተሰቅሎ አየሁ። ሌላ አገር ቢሆን እጅ መስጠት ይመስል ነበር፤ እዚህ ግን ትርጉሙን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ቅዳሜ፣ ተርልስ

ከደብሊን ሂውስተን ጣቢያ የኮርክን ባቡር ያዝኩ። ተርልስ ላይ ወረድኩ። ማኅበሩ የተመሠረተበት የሄይስ ሆቴል ከተማው መሃል፣ ሊበርቲ አደባባይ ላይ ነው። ማይክል ኩሳክና ሞሪስ ዳቪን ጥቂት ሰዎችን ሰብስበው የጀመሩት ነገር ዛሬ ከሁለት ሺህ በላይ ክለቦች አሉት። ሻይ አዝዤ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ሴምፕል ስታዲየም በእግሬ ሄድኩ። ሃርሊንግ የሚወድ ሰው ይህን ሜዳ እንደ ቅዱስ ቦታ ነው የሚያየው።

ቲፐራሪ ሰማያዊ ለባሽ ነው፤ ደረቱ ላይ ወርቃማ ቀበቶ አለው። ይህን ቀለም ፍለጋ ስትሄድ ከተርልስ ደቡብ ወደምትገኝ ቦሄርላሃን ወደምትባል የገጠር ደብር ትደርሳለህ። በዚያው ደብር ተበራዶራ የሚባል መንደር አለ። የዚህ መንደር ልጆች በ1895፣ በ1896ና በ1898 የመላ አየርላንድን የሃርሊንግ ዋንጫ ወስደዋል። አንድ መንደር! ሰማያዊና ወርቃማው የእነሱ ነበር፣ በኋላ የቦሄርላሃን ክለብ ሆነ፣ ከዚያ የካውንቲው ሁሉ። ታክሲ ይዤ እስከዚያ ሄድኩ። አረንጓዴ መስክ፣ ላሞች፣ ጠባብ መንገድ። ሾፌሩ የደብሩ ተወላጅ ባይሆንም የሦስቱን ዓመታት ዋንጫ በቃሉ ይቆጥራል።

ነገር ግን ስለ ቲፐራሪ ስጽፍ ስለ አንድ ሌላ ማሊያ ዝም ማለት አልችልም።

በኅዳር 21 ቀን 1920 ቲፐራሪና ደብሊን ክሮክ ፓርክ ላይ ጌሊክ ፉትቦል ሊጫወቱ ተገናኙ። ጊዜው የነጻነት ጦርነት ነው። በዚያው ቀን ጠዋት የአየርላንድ ታጣቂዎች ደብሊን ውስጥ የእንግሊዝ የስለላ ሰዎችን ገድለው ነበር። ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ኃይሎች ሜዳውን ከበው በተጫዋቾችና በተመልካቾች ላይ ተኩስ ከፈቱ። 14 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የ10፣ የ11ና የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ። ጄን ቦይል የምትባል የ26 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ሰርጓ ቀናት ብቻ ቀርቶት ነበር። ከተጫዋቾቹ የሞተው ማይክል ሆጋን ነው፣ የቲፐራሪ ተከላካይ። የግሬንጅሞክለር ክለብ ልጅ ነበር። ከትናንት ወዲያ ስሙን በክሮክ ፓርክ አንዱ ትሪቡን ላይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሆጋን ስታንድ ይባላል።

ያን ቀን ቲፐራሪ ሰማያዊና ወርቃማ አልለበሰም ነበር። የለበሰው የግሬንጅሞክለርን ነጭና አረንጓዴ ነው። የፉትቦሉ ቡድን ገና የክለብ ማሊያ እየተዋሰ ነበር የሚጫወተው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 22 ቀን 2020፣ ቲፐራሪ በመንስተር ክፍለ ሀገር ፍጻሜ ከኮርክ ጋር ተገናኘ። ነጭና አረንጓዴ ለብሶ ወጣ፤ እጅጌው ላይ የሆጋን ምስል ነበረ። በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ውስጥ ተመልካች አልነበረም። ቲፐራሪ ኮርክን 17 ለ14 አሸነፈ። ከ1935 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያው የመንስተር ፉትቦል ዋንጫ ነው። የሚገርመው በዚያ ዓመት ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱት አራቱ ካውንቲዎች፣ ማለትም ደብሊን፣ ካቫን፣ ሜዮና ቲፐራሪ፣ በ1920ም የየክፍለ ሀገራቸው ሻምፒዮን የነበሩት ናቸው።

ስለዚህ ጨዋታ ያወሩኝ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ናቸው። ሰባዎቹን የተሻገሩ እናት ናቸው። በዚያ ምሽት ቴሌቪዥን ፊት ብቻቸውን ተቀምጠው እንዳለቀሱ ነገሩኝ። ልጆቻቸው በእገዳው ምክንያት ሊመጡ አልቻሉም። ያስለቀሳቸው ማሸነፉ ብቻ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማሊያው ነው አሉኝ። ተጫዋቾቹ ከዋሻው ሲወጡ ሲያዩ ነው የጀመራቸው፣ ገና ኳስ ሳትነካ።

እሑድ፣ ኮርክ

ዛሬ ስለ ቀይ ነው። ረጅም እጽፋለሁ፤ ከሰማኋቸው የማሊያ ታሪኮች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ኮርክ ገና ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ቀይ ነው። በየሱቁ መስኮት ቀይና ነጭ ጨርቅ፣ በየሰገነቱ ቀይ ባንዲራ። ቀዩና ነጩ አንድ ላይ ደምና ፋሻ የሚል ቅጽል አለው። የካውንቲው ሰዎች ራሳቸውን አማፅያን ብለው ይጠራሉ። ቀይ ለአማፂ የተፈጠረ ቀለም ስለሚመስል ማንም ሰው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው ብሎ ያስባል።

እስከ 1919 ግን ኮርክ ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ ማሊያ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ወርቃማ የኮርክ የመጀመሪያ ፊደል። በዚያ ዓመት በውድድሩ መሃል የእንግሊዝ ወታደሮች የካውንቲውን የስፖርት ጽሕፈት ቤት በረበሩና ማሊያዎቹን ይዘው ሄዱ። ጨዋታ ደርሷል፣ ልብስ የለም። ከተማው ውስጥ በአባ ኦሌሪ ስም የሚጠራ አዳራሽ ነበረ። መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር አዳራሽ ነው። ማኅበሩ የሃርሊንግ ቡድን ነበረው፤ ቡድኑ ግን ፈርሶ ከሴንት ፊንባርስ ክለብ ጋር ተቀላቅሏል። ማሊያዎቹ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ቀይ ናቸው። ኮርክ እነሱን ተዋሰ።

በመስከረም 1919 ክሮክ ፓርክ ላይ ኮርክ ደብሊንን 6 ጎልና 4 ነጥብ ለ2 ጎልና 4 ነጥብ ረታ። አምበሉ ሜጀር የሚል ቅጽል የነበረው ጂሚ ኬኔዲ ነበር። ኮርክ የሃርሊንግ ዋንጫ ካነሳ 16 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከዚህ በኋላ ሰማያዊውን ማን ያስታውሰዋል? ገዱ ያለው ቀዩ ላይ ነው ተባለ፣ ቀዩ ቀረ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ወታደሮቹ ማሊያውን የወሰዱት ቡድኑን ሊጎዱ ነበር። ባይወስዱ ኖሮ ኮርክ ዛሬም ሰማያዊ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ከተማዋ ከባድ መከራ መጣባት። በመጋቢት 1920 ከንቲባው ቶማስ ማክከርተን ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ተተኪው ቴረንስ ማክስዊኒ ለንደን ብሪክስተን እስር ቤት ውስጥ ለ74 ቀን ምግብ እምቢ ብሎ በጥቅምት ሞተ። በታኅሣሥ የከተማዋ መሃል በእንግሊዝ ኃይሎች እጅ ተቃጠለ። ያ የተውሶ ቀይ ማሊያ በእነዚህ ወራት ውስጥ ካለፈ በኋላ የተውሶ ሆኖ ሊቀር አይችልም ነበር። ብሪክስተን ለእኔ ከቤቴ በአውቶቡስ የምደርስበት ሰፈር ነው። ስመለስ በዚያ እስር ቤት በኩል የማልፈው በሌላ ዓይን ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ በሊ ወንዝ ዳር እስከ ፓርክ ኢ ኪቭ ስታዲየም ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ትናንት የጻፍኩት የ2020 ፍጻሜ የተደረገው እዚህ ነው። በአጠገቡ ኩሬ አለ፤ ዳክዬ የሚቀልቡ ልጆች ቀይ ማሊያ ለብሰዋል። አባታቸውን አናገርኳቸው። የኮርክ ደጋፊ ቀይ ያለበትን ባንዲራ ሁሉ ወደ ሜዳ ያመጣል አሉኝ። የጃፓን፣ የኩባ፣ የድሮዋ ሶቭየት ኅብረት። ደስ የሚል ነገር ነው። አንድ ደስ የማይል ግን ነበረ። ቀይ ስለሆነና የአማፂ ባንዲራ ስለሚባል አንዳንዶች በአሜሪካ ባርነት እንዲቀጥል የተዋጉትን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ይዘው ይመጡ ነበር። ጥቁር ሰው እዚያ ተቀምጦ ያን ሲያይ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ። የኮርክ የስፖርት ቦርድ በ2020 ያ ባንዲራ በሜዳዎቹ ላይ እንዳይታይ አቋም ወሰደ። ትክክል አደረገ። አባትየውም ገና ሳልጠይቃቸው እንደዚያው አሉኝ። ቀዩ ከወረራ የተረፈ ሰው ቀለም ስለሆነ ከዚያ ባንዲራ ጋር መቆም የለበትም።

ሰኞ፣ ትራሊና ዲንግል

ከኮርክ ማሎ ላይ ባቡር ቀይሬ ትራሊ ገባሁ። ዝናብ ቀኑን ሙሉ አላባራም።

ኬሪ በጌሊክ ፉትቦል የሚወዳደረው የለም። በ2025 ዶኔጎልን አሸንፎ 39ኛ ዋንጫውን ወስዷል። አረንጓዴና ወርቃማው ከትራሊ ሚቸልስ ክለብ ጋር ይያያዛል። እዚህ ከተማ ሁሉም ነገር አረንጓዴና ወርቃማ ነው፤ የፀጉር ቤቱ በር ሳይቀር።

እኔ ግን ቀጥዬ በአውቶቡስ ወደ ዲንግል ሄድኩ። ዲንግል ባሕር ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነች፣ በአካባቢዋ የአየርላንድ ቋንቋ አሁንም ይነገራል። የዲንግል ክለብ ቀለም ቀይ ነው። በ1939 ፍጻሜ ኬሪ ከሚዝ ጋር ተገናኘ። የሁለቱም ቀለም አረንጓዴና ወርቃማ ነው። አንዱ መቀየር ነበረበት። ኬሪ የዲንግልን ቀይ ተዋሰ፣ ዋንጫውንም በቀይ ወሰደ። ቡድኑን የመራው ቶም ኦኮነርም የዲንግል ልጅ ነበር። የገዛ ክለቡን ማሊያ ለብሶ የአገሪቱን ትልቅ ዋንጫ ማንሳት ለአንድ ተጫዋች ምን ያህል ደስታ እንደሆነ አስቡት።

ኮርክ የተዋሰውን አልመለሰም፤ ኬሪ ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደ አረንጓዴው ተመለሰ። ልዩነቱ ይገባኛል። ኬሪ እስከ 1939 ድረስ በአረንጓዴ ብዙ ዋንጫ አንስቷል። የሚጥለው ነገር ነበረው ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ባቡር ላይ

ከትራሊ ደብሊን አብዛኛውን ቀን ይወስዳል። ብዙ የሚጻፍ የለም፣ ስለ ንግዱ ጥቂት ልበል።

የካውንቲ ማሊያዎችን አብዛኛውን የሚሰፋው ኦኒልስ ነው። በ1918 ደብሊን ውስጥ የተቋቋመ የአገር ውስጥ ድርጅት ነው፤ ስትራቤን የምትባል የሰሜን ከተማ ውስጥ ትልቅ ፋብሪካ አለው። እጅጌው ላይ ሦስት መስመር ያደርጋል። አዲዳስ መስመሮቹ የኔ ናቸው ብሎ ከሰሰው። ጉዳዩ እስከ አየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1983 ኦኒልስ ረታ። ስለዚህ ሦስቱ መስመር ዛሬም በአየርላንድ ሜዳ ላይ አለ።

የስፖንሰር ስም በማሊያ ላይ የተፈቀደው በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ ደረቱ የድርጅት ሆነ። አዲስ ዲዛይን ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ አንዴ መስመር ይጨመራል፣ አንዴ ጥላ፣ አንዴ የኮሌታ ቅርጽ። ለወላጅ ወጪ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ሦስት ልጆች አሏቸው፣ ሦስቱም አዲሱን ይፈልጋሉ። ገንዘቡ ደመወዝ ለሌላቸው ተጫዋቾች ማጓጓዣና ልምምድ ስለሚውል ስፖንሰሩን አልቃወምም። በየጊዜው ዲዛይን መለወጡን ግን አልወደድኩትም። የበፊቶቹ ለውጦች ሁሉ ምክንያት ነበራቸው፤ ሻምፒዮን የሆነ መንደር፣ የተወረረ ቢሮ፣ የገጠመ ቀለም። አንድ ነገር ደግሞ ብጠየቅ እላለሁ። በአንገቱ ውስጥ በኩል ጨርቁ ባዶ ነው። ለኪልዴር ክሌን፣ ለቲፐራሪ ተበራዶራ፣ ለኮርክ የአባ ኦሌሪ አዳራሽ ተብሎ እዚያ ቢጻፍ ልጆቹ የሚለብሱትን ያውቁ ነበር።

ረቡዕ፣ አርማህ

ጠዋት ከኮኖሊ ጣቢያ የቤልፋስትን ባቡር ይዤ ኒውሪ ወረድኩ፣ ከዚያ በአውቶቡስ አርማህ ከተማ ገባሁ። ድንበር ተሻግሬያለሁ፤ አሁን ያለሁት በብሪታኒያ ሥር ባለችው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ነው። የሚያስቆም ሰው የለም። የመንገዱ ምልክት ከኪሎሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ብቻ ነው የሚታወቀው። የጌሊክ ጨዋታዎች ማኅበር ግን ድንበሩን አያውቀውም፣ 32ቱም ካውንቲዎች አንድ ውድድር ውስጥ ናቸው።

አርማህ ቡርቱካናማ ነው የሚለብሰው። ይህን ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። በሰሜን አየርላንድ ቡርቱካናማ የፕሮቴስታንቶቹና ከብሪታኒያ ጋር መኖር የሚፈልጉት ወገኖች ቀለም ነው። ከንጉሥ ዊልያም ዘ ኦሬንጅ የመጣ ነው። ኦሬንጅ ኦርደር የሚባለው ማኅበራቸው በ1795 የተመሠረተው እዚሁ አርማህ ካውንቲ፣ ሎክጎል መንደር አጠገብ ነው። በየዓመቱ በሐምሌ 12 ቡርቱካናማ መቀነት አድርገው ሰልፍ ይወጣሉ። ጌሊክ ስፖርት የሚጫወቱት ደግሞ በአብዛኛው ካቶሊኮቹ ናቸው። ካቶሊኮቹ የሌላውን ወገን ቀለም በገዛ አገሩ ለብሰው ይጫወታሉ ማለት ነው።

አርማህ ድሮ እንደ ኪልኬኒ ጥቁርና ቢጫ መስመር ነበር። ቀለሙ የተለወጠው በ1926 ነው ይባላል። ቡድኑ ክሮክ ፓርክ ላይ ከደብሊን ጋር ጨዋታ ነበረው፣ አዲስ ማሊያ አስፈለገ። ኦሚዝ በምትባል የባሕር ዳር መንደር የሚኖሩ የዶሚኒካን መነኮሳት እናቶች በእጃቸው ሠርተው ሰጧቸው። ቡርቱካናማና ነጭ ነበር። ቀረ። ኦሚዝ ከኒውሪ ቅርብ ስለሆነች ስመጣ ጎራ ብዬ አየኋት። ከባሕሩ ማዶ ተራራ ይታያል፣ መንደሯ ጸጥ ያለች ናት።

ከተማው ውስጥ ሁለት ካቴድራሎች በሁለት ኮረብታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ የፕሮቴስታንት፣ አንዱ የካቶሊክ። ሁለቱም በቅዱስ ፓትሪክ ስም ነው የሚጠሩት። በመካከላቸው ያለው ጎዳና ቡርቱካናማ ባንዲራ ለብሷል። በ2002 ኬሪን በአንድ ነጥብ አሸንፈው የመጀመሪያውን የፉትቦል ዋንጫ ሲወስዱ፣ በ2024 ደግሞ ጎልዌይን በአንድ ነጥብ አሸንፈው ሁለተኛውን ሲደግሙ፣ ይህ መንገድ ሰው አላስቀምጥ ብሎ ነበር አሉኝ።

የክለቦች ትጥቅ በሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገብቼ ማሊያውን ጠየቅሁ። የምትሸጠው ወጣት ከመጠኑ በፊት የጠየቀችኝ የየትኛው ክለብ ሰው እንደሆንኩ ነው። ክለብ የለኝም፣ ከለንደን ነው የመጣሁት፣ ትውልዴ ኢትዮጵያ ነው አልኳት። የእሷ ክለብ ከከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፣ ቡርቱካናማ አይለብሱም፣ ግን ከዘንድሮው የካውንቲ ቡድን ውስጥ የእነሱ ልጅ አለበት። ቅዳሜ ጨዋታ አለን፣ ከቆየህ ና አለችኝ። ከደረሰኙ ጀርባ የሜዳውን ስምና ሰዓቱን ጻፈችልኝ። የለንደን ትኬቴን ወደ እሑድ ለማዘዋወር ስልኬን አወጣሁ።